የቾፍ ጉንጭ

ሐጅ ፋይዝ ምግብ አይተዉም ነበር፤ ያዛውሩ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ትሪውን ከፊታቸው አስቀምጬ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ፎጣዬን ክንዴ ላይ ጥዬ፣ እንደታዘዝኩት የሳሎኑ በር አጠገብ እቆማለሁ። እሳቸው ሹካውን ያነሳሉ፤ አንዴ ሁለቴ ይቀምሳሉ። ከዚያ ከዶሮውም ከድንቹም የተሻለ የተሻለውን እየመረጡ ወደ ሳህኑ ማዶ ጠርዝ ይገፉታል። ሳህኑ ኩሽና ሲመለስ በእሳቸው በኩል ያለው ባዶ ነው፤ በማዶው በኩል ክምር አለ። ምግብ ያስጠላው ሰው ሳህኑን እንዳለ ይመልሳል፤ ወይም መሐሉን ጎርጉሮ ይተወዋል። እንዲህ በአንድ ወገን ብቻ የሚከምር ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ለልጃቸው ለማዳም ዳላል ስነግራት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሐኪሙ ነግሮኛል። እንደ ሕፃን በምግብ ይጫወታል። ያኒ፣ ማለቴ፣ ጭንቅላቱ ደክሟል።»

እሷ የምትኖረው መዝረዓ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሏ ጋር ነው። እኔና ሐጂ ሺያህ ሰፈር ባለው አሮጌ ቤት፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን በሚበዛ ሕንፃ ላይ እንኖራለን። ከሥራ ስትወጣ መድኃኒት ይዛ ትመጣለች፤ አባቷ ሲበሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሲጋራዋን እያጨሰች ታያቸዋለች፤ ሳትበላ ትሄዳለች። አንድ ቀን በልኮን ላይ ጠርታ ቁርጡን ነገረችኝ። አባቷ እየከሱ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚዛኑ መርፌ አሁንም ወርዶ ከተገኘ ተራራው ላይ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ትወስዳቸዋለች፤ ቦታም አስይዛለች። ቤቱ ይዘጋል፤ እኔ ወደ መክተብ፣ ማለትም ወዳመጣኝ ኤጀንሲ ቢሮ እመለሳለሁ።

«አንቺ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ሀቢብቲ» አለች። «ግን ካልበላ እኔ ምን ላድርግ?»

ክፋት አልነበረባትም። የምታደርገው የጠፋት ሰው ድምፅ ነበር።

መክተብ ቀጥሎ ምን ዓይነት ቤት እንደሚሰጠኝ አላውቅም፤ ይህ አንዱ ፍርሃቴ ነው። ሌላው ግን ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ስልኬን አልወሰዱብኝም፤ ሳይጮኹ «ፈሪሃ» ብለው በስሜ ይጠሩኛል። በዚያ ላይ ከዓሣ በቀር ሌላ ወሬ አይጥማቸውም። እኔ ደግሞ ዓሣ አውቃለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ለአስጋሪዎች ማኅበር ቆሮሶና አምባዛ እየበለትኩ ሠርቻለሁ። ቢላዬ ከመተንፈሻ ስንጥቡ ሥር ገብቶ አጥንቱን እየተከተለ እስከ ጭራ ይወርዳል፤ ቆዳው በአንድ ስበት ይወልቃል። እጄ ላይ ንጹሕ ሥጋ ይቀራል፤ ጭንቅላትና አጥንቱ ለወፍ ይጣላል። በማኅበሩ ውስጥ እንደኔ ሥጋው ላይ አጥንት ሳይተው የሚበልት ሰው አልነበረም።

የሐጂ ባሕር ግን ከኔ ሐይቅ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የተወለዱት ሴኔጋል ነው፤ አባታቸው ከደቡብ ሊባኖስ ለንግድ ሄደው እዚያው ቀሩ። ሐጂ ዳካር ውስጥ፣ ባሕር ዳር፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ከፍተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲገዙና ሲልኩ ኖሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ሁሉንም ሸጠው እዚህ ሊባኖስ መጡ። ከሰዓት በኋላ ኢሽቲራኩ፣ ማለት የሰፈሩ ጄኔሬተር፣ ሲጠፋና ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ፣ ጥያቄ የምጠይቅበት ሰዓት ነበር።

«ሐጂ፣ እዚያ ከሁሉ የሚበዛው ዓሣ የቱ ነው?»

«ያቦይ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሰርዲን የሚመስል፣ ወፈር ያለ፣ አጥንቱ የበዛ። የድኻ ዓሣ ነው። ነፋሱ ሲነሳ የላዩን ውኃ ይገፋዋል፤ ቀዝቃዛው ውኃ ከታች ይወጣል። ከውኃው ጋር የዓሣው ምግብ ይወጣል፤ ከምግቡ ጋር ያቦይ ይመጣል። ባሕሩ የሚፈላ ይመስልሻል።»

«ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚያፈላው?»

«አዎ። አስገራሚው እሱ አይደል?»

«ማን ይበላዋል?»

«ድሮ ሁሉም ነበር። ሴቶቹ ባሕር ዳር ላይ በጭስ ያደርቁታል፣ በጨው ያደርቁታል፤ በጭነት መኪና መሐል አገር ድረስ ይሄዳል። አሁን ከፊሉን ፋብሪካ ይፈጨዋል።»

«ዱቄት ይሆናል? ለምን?»

«ሌላ አገር በኩሬ ለሚረባ ዓሣ ቀለብ።»

«ያኒ፣ ዓሣው ዓሣ ይበላል፤ ሰው ደግሞ ያንን ዓሣ ይበላል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሰውየው የመጀመሪያውን ዓሣ ለምን አይበላም?»

ሐጂ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ሚኒስቴር ሄደሽ ጠይቂ! እኔ በረዶ ነጋዴ ነኝ።»

በሌላ ቀን ስለ ኦክቶፐስ፣ ስምንት እጅ ስላለው የባሕር እንስሳ፣ ነገሩኝ። በጀልባ ያወጡታል፤ እሳቸው አቀዝቅዘው ለጃፓን ይልኩታል። ዘሩ እንዳያልቅ ብለው ደግሞ አስጋሪዎቹ አንዳንዴ የሸክላ ማሰሮ ባሕር ውስጥ ይጥላሉ፤ ሴቷ ማሰሮው ውስጥ ገብታ እንቁላሏን እንድትጥል ነው። «ቤት ይሠሩላታል፤ ከዚያ ልጆቿን ይጠብቃሉ» አሉ። ቱናው ለቆርቆሮ ነው፤ ሽሪምፑ ከደቡብ፣ ወንዙ ከባሕር ከሚገናኝበት ይመጣል። ሁሉንም ጥሩ ደንበኛውን እንደሚያስታውስ ሰው ይቆጥሩታል። አንዱ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ይለወጣል።

«ቾፍ» አሉ። «ቾፍ ሌላ ነው። በልጅነቴ በየሰው ቤት ነበር፤ ሠርግ ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ዓርብ ሲሆን። በኋላ አውሮፓ ወደደው። በአውሮፕላን መሄድ ጀመረ፤ ከባሕሩም እየሳሳ መጣ። በመጨረሻ ጎረቤቶቻችን ቾፍን የሚያውቁት በስም ሆነ።»

«ማን ነው ወደ አውሮፓ የላከው?»

አውራ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ተክለው «ፓርዶን» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላወቅኩም።

የዚያን ዕለት ማታ ሳህናቸውን ሳነሳ የማዶውን ክምር እያየሁ አሰብኩ። ሰውየው ሲያወሩ ይራባሉ፤ ሲቀርብላቸው ይገፋሉ። የሚገፉት የጠበቁት ነገር ስላልመጣ ቢሆንስ? ማዳም ዳላል ለዓሣ ቀን የምትገዛልኝ ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር የሚወጣ፣ አጥንቱ የተለየለት ነጭ ፊሌ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። በማግስቱ ሩዙን፣ ሳህኑን፣ ሰዓቱን እንዳለ ትቼ ፊሌውን ብቻ በሰርዲን ለወጥኩት። አዛወሩት። ቀጥሎ ሰርዲኑን ቡሪ በሚባለው ዓሣ ለወጥኩት። ቡሪውንም አዛወሩት፤ ይባስ ብለው አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው ነው ያዛወሩት።

«ሐጂ፣ ቾፍ ምን ይመስላል?» አልኳቸው። «ባየው እንዴት አውቀዋለሁ?»

«እዚህ የለም። እዚህ ባሕሩ ሌላ ነው።»

«ካለስ ብዬ ነው።»

ጣታቸውን ከዓይናቸው ጥግ አንስተው በራሳቸው ጉንጭ ላይ ወደ ጆሮአቸው እያወረዱ አሰመሩ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። «ሦስት ነጣ ያሉ መስመሮች። የገላው ቀለም እርጥብ አሸዋ ነው። አፉ ትልቅ ነው፤ ተቆጥቶ የተዘጋ። ጉንጩን ካየሽ አትሳሳቺም።»

እሑድ ጠዋት ማዳም ዳላል አባቷ ዘንድ ስትቆይ፣ እኔ ነኢማን ይዤ ዑዛዒ ወረድኩ። ነኢማ የከሚሴ ልጅ ናት፤ በኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ትሠራለች፤ እሑድ ዕረፍቷ ነው። ሰርቪስ ታክሲው ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ተጣብቀን ስንሄድ ሳትለቀኝ ቀለደችብኝ።

«ሰው እሑድ ጫማ ሊገዛ ይወጣል። አንቺ ለሽማግሌ ዓሣ ፍለጋ!»

«ካልበሉ ይወስዷቸዋል አልኩሽ እኮ።»

«ገብቶኛል። እኔ የምለው፣ እዚያው ከፈለግሽ አይቀር ለኔም አንድ ባል እይልኝ። ጉንጩ ላይ መስመር ባይኖረውም ግድ የለኝም።»

ዑዛዒ የአስጋሪዎቹ ወደብ ትንሽ ናት፤ አውሮፕላን ከራስ በላይ እየወረደ ጀልባዎቹን ያስናውጣቸዋል። ሻጮቹ ዓሣውን በረዶ ላይ ዘርግተዋል። ከጫፍ ጀመርኩ። ቀይ፣ ብርማ፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ሹል አፍ፤ ሁሉንም ጉንጭ ጉንጩን እያየሁ ሄድኩ። ለማየት ጎንበስ ማለት አለብኝ፤ አንዳንዱን ጭንቅላቱን ይዤ ወደ ብርሃኑ ማዞር አለብኝ።

«ያ ሐበሺየ!» ብሎ ጮኸ ፂሙ የሸበተ አንድ ሻጭ። «ኢቃማውን ነው የምታዪው? አትፍሪ፣ ሁሉም የመኖሪያ ፈቃድ አላቸው!»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ነኢማ በተራዋ «ኢቃማ ካላቸውማ ከኛ ይሻላሉ» አለችው፤ እሱም ሳቀ። ስሙ አቡ ሰሚር ነው።

የቆመበት ጋ ስደርስ አየሁት። ከበረዶው መሐል፣ ከክንዴ ትንሽ ያጠረ፣ እርጥብ አሸዋ የመሰለ ዓሣ። አፉ ተቆጥቶ የተዘጋ ነው። ራሱን አዞርኩት። ከዓይኑ ጥግ ተነስተው ወደ ስንጥቡ የሚወርዱ ሦስት ነጣ ያሉ መስመሮች። ማዶውንም ጉንጭ ገልብጬ አየሁ፤ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሎቆዝ። የአሸዋ ሎቆዝ። ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው።»

«ከየት አገር መጣ?»

አቡ ሰሚር በጣቱ ባሕሩን አሳየኝ። «ከዚያ።»

«ሴኔጋልም ይኖራል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዓሣ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው።»

ለሳምንቱ ሥጋ የተሰጠኝን ገንዘብ በሙሉ እሱ ላይ አዋልኩት። ሊያጸዳልኝ ሲል «ቆይ፣ እኔ ራሴ» አልኩ። ቢላውን ሰጠኝ፤ ጓደኞቹን ጠቀሰ። ቢላው ከቆሮሶው ቢላ ይከብዳል፤ ግን አጥንት አጥንት ነው። ከስንጥቡ ሥር ገባሁ፤ ወደ ጭራ ወረድኩ፤ ገለበጥኩ፤ ደገምኩ። ቆዳው በአንድ ስበት ወጣ። ሁለት ነጭ ንጹሕ ሥጋ ሰሌዳው ላይ ተኛ። አንዱ አጨበጨበ።

«ጭንቅላቱስ?» አለ አቡ ሰሚር፤ ያላመነ ይመስላል።

«ጣለው።»

«ልጣለው?» ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ያኔ አላስተዋልኩትም። «ላ፣ ላ። አላህ ይስጥሽ።» ጭንቅላቱን ከነአጥንቱ አንስቶ ከበረዶው ሥር ከተተው።

ማዳም ዳላል እኔ ስመለስ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ አለች። ዓሣውን በቅቤ ጠበስኩት። በሳህን አድርጌ ሐጂ ፊት አስቀመጥኩ።

«ቾፍ ነው» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ሹካውን አላነሱም። ሳህኑን በጣታቸው ቀስ ብለው አዞሩት፤ ከሥሩ የሆነ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ፊቱ የታለ?»

«ምን?»

«ፊቱ። ጉንጩ። በምን ልወቀው?» በቁጣ አልነበረም፤ በጉጉት ነው። «ልጄ፣ ይህ ነጭ ሥጋ ነው። ነጭ ሥጋ ሁሉ ቾፍ ነኝ ሊል ይችላል።»

ሦስቱን መስመሮች ያየሁ እኔ ነኝ፤ የአቡ ሰሚር ጓደኛ ሲያጨበጭብልኝ ከነጭንቅላቱ ቆርጬ የተውኳቸውም እኔ ነኝ። በሐይቅ የተማርኩት ንጹሕ ሥራ፣ የምኮራበት ሥራ፣ የዓሣውን መታወቂያ ዑዛዒ ላይ አስቀርቶብኛል።

ነኢማን ከሐጂ ጋር አስቀምጬ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ዑዛዒ ስደርስ አቡ ሰሚር ዕቃውን እያጠበ ነበር። ሳየው መተንፈስ አቅቶኝ ጭንቅላቱን በእጄ ምልክት አሳየሁት።

«ሥጋውን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ሾርባዬን ልትወስጂ መጣሽ?» አለ። ከበረዶው ሥር ግን አወጣልኝ። «የሎቆዝ ጭንቅላት ጥሎ የሚሄድ ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ ይመለሳል ብዬ ነበር። ሀብታም አትመስዪም።» ከጎኑ ተለቅ ያለ ቡሪ አንስቶ «ይህንም ያዢ፣ ሥጋ ያስፈልጋልና። ያላ፣ ሂጂ» አለኝ።

ስመለስ ሐጂ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ኩሽና ሲገቡ አላየኋቸውም። ነኢማ ፓርስሊ እየቀነጠሰች ነው።

«አዘውኝ ነው» አለች በአማርኛ። «በየመሐሉ 'እሷ ትመጣለች?' ይሉኛል። ዓሣው ሳይሆን ጭንቅላቱ አስጨንቋቸዋል።»

ከቦርሳው አውጥቼ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በጉንጩ ላይ ከዓይኑ ጥግ ወደ ኋላ ነዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እሱ ነው» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። «እሱ ራሱ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?»

«እሱ አልነገረኝም።»

ከዚያ በኋላ አዛዡ እሳቸው ነበሩ። ቼቡጄን የሚባለውን የዳካር ሩዝ ነው የምንሠራው። ፓርስሊና ነጭ ሽንኩርቱ ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ ቡሪው ላይ በተበጣው ቦታ ይገባል። ጭንቅላቱ በቲማቲም ውኃ ከጎመንና ካሮት ጋር ይበስላል፤ ሩዙ በዚያው ውኃ ነው የሚበስለው፤ በንጹሕ ውኃ የሚያበስል ሰው ሩዝ ያበሰለ አይምሰልሽ አሉኝ። ከድስቱ ሥር የሚይዘው ሩዝ አይጣልም። ካሳቫ ስላጣን ድንች ጨመርን፤ ሐጂ ድንቹን በጥርጣሬ ቢያዩትም ፈቀዱ። የጠበስኩት ንጹሕ ሥጋም ከላይ ይጨመራል ተባለ፤ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል።

ሲቀርብ በሳህን አይሆንም አሉ። ትልቁ የአሉሚኒየም ትሪ ወረደ። ሩዙ ተዘረጋ፤ አትክልቱ በዙሪያው፤ ቡሪው፣ የጠበስኩት ሥጋ፣ ከመሐል የቾፉ ጭንቅላት። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥነው፤ ሐጂም ትራስ ተደግፈው መሬት ተቀመጡ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ቢስሚላህ አሉ። እኔ ፎጣዬን ይዤ ወደ በሩ ሄጄ ቆምኩ።

በቀኝ እጃቸው ዓሣውን መቁረስ ጀመሩ። የቾፉን አንድ ጉንጭ በአውራ ጣታቸው ፈልቅቀው አወጡ፤ ነጭ፣ ክብ፣ ጠበቅ ያለ ሥጋ ነው። አጥንት እንዳይኖረው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ከራሳቸው አርቀው ወደ ትሪው ማዶ ገፉት።

ሌላ ቁራሽ አወጡ፤ አጥንቱን ለቀሙ፤ ገፉ። ከካሮቱም፣ ከጎመኑም። ክምሩ ማዶ ላይ እያደገ ሄደ። እሳቸው ገና አልቀመሱም። ዓሣው አልነበረም ማለት ነው። ፊሌ፣ ሰርዲን፣ ቡሪ፣ ቾፍ፤ ሁሉንም ለወጥኩ፤ ያው ሆነ። ማዳም ዳላል ልክ ነች፤ ሐኪሙም ልክ ነው።

ነኢማ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። «አጥንቱን ሁሉ ለቅመው፣ ምርጥ ምርጡን!» አለች በሹክሹክታ። «ለጂኒ ነው እንዴ የሚያቀርቡት?»

ለማን ነው የሚያቀርቡት? ያንን ክምር ለብዙ ሳምንት ከሳህን ላይ ጠርጌ ጥያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ይህን አልጠየቅኩም። ሳህንን፣ ዓሣን፣ ሰዓትን ነበር የማየው። ክምሩ ውስጥ አጥንት ኖሮ አያውቅም። ምርጡ ነበር ሁልጊዜ። ቤታችን፣ ሐይቅ፣ አባቴ ከእንግዳ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ሥጋውን በጣቱ ጫፍ ወደ እንግዳው በኩል ይገፋል፤ ብላ አይልም፤ ዝም ብሎ ይገፋል። እንግዳው ካልነካ እሱም አይነካም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልለወጥኩት። ሁልጊዜም እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

ማዳም ዳላል የመጀመሪያ ቀን የነገረችኝ ሕግ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ባባ ይበላል፣ ከዚያ አንቺ ኩሽና ውስጥ። ፎጣዬን ወንበሩ ላይ ጣልኩት። እጄን ታጥቤ ከሐጂ ትይዩ፣ ክምሩ ባለበት በኩል ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቢስሚላህ ብዬ ጉንጩን አንስቼ በላሁት። ጣፋጭ ነው፤ ጥርስ ሥር ይቋቋማል፤ ከሐይቃችን ዓሣ አንዱንም አይመስልም።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ መደነቅ አልነበረም፤ የረጅም ጊዜ ቅሬታ ሲወርድ ግን አየሁ። ሩዙን በጣታቸው ጠቅልለው ጎረሱ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛውን ሲጎርሱ ነኢማ «ሱብሃነላህ» ብላ ሳትጋበዝ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ለእሷም ወዲያው አንድ ቁራሽ ደረሳት።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«እንድቀመጥ። እንድበላ።»

«ብዪ ይባላል እንዴ? ነውር ነው። ዳካር ከዓሣው ፊት የተቀመጠ ሰው ይቆርሳል፤ ለእያንዳንዱ ይገፋለታል፤ ሰው ይበላል።» ሩዝ ጎረሱ። «በየቀኑ ሰጠሁሽ፤ በየቀኑ ቆመሽ አየሽኝ። እኔ የኔን እጅ የተጠየፍሽ መስሎኝ ነበር። ወይ ጾመኛ ነሽ። ዓመት ሙሉ ግን አይጾምም፣ ወላ ይጾማል?»

ሳቄን ሳልጨርስ ቁልፉ በሩ ላይ ጮኸ። ማዳም ዳላል መድኃኒቱን ይዛ ገባች። አባቷ መሬት ላይ፣ ሠራተኛዋ ከፊታቸው፣ አራተኛ ፎቅ የምትሠራዋ ሴት ከጎን፤ የሦስታችንም እጅ አንድ ትሪ ውስጥ።

«ሹ ሃይዳ?» አለች። «ፈሪሃ! ምንድን ነው ይሄ?»

ዘልዬ ተነሳሁ። ነኢማም ተነሳች። የሐጂ እጅ ወደ አፋቸው ሲሄድ ቆመ፤ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱት። ከዚያ ቁራሽ አወጡ፤ አጥንቱን ለቀሙ፤ እኔ ወደነበርኩበት ባዶ ቦታ ገፉት።

ማዳም ዳላል ለመቆጣት የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ፤ አይታዋለች።

«ማዳም፣ ሲል ቩ ፕሌ፣ እባክሽ» አልኳት። «አንድ ጊዜ ብቻ እዪ።» ተቀመጥኩ፤ የተገፋልኝን በላሁ። ሐጂ ጎረሱ። ተነሳሁ። ማኘካቸውን ጨርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። እንደገና ተቀመጥኩ። ጎረሱ። እንደገና ስነሳ ግን ትራሱን በመዳፋቸው መቱት።

«ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ! ሽቅብ ቁልቁል ምንድን ነው? ሰው በሰላም አይበላም?»

ነኢማ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ማዳም ዳላል አልሳቀችም። ትሪውን አየች፤ የቾፉን ጭንቅላት አየች፤ ክምሩን አየች። ዳካርን የለቀቀችው ለትምህርት፣ ገና ልጅ ሳለች ነው።

«እማማ ነበረች የምታካፍለው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ትንሿ ስለሆንኩ ቀድሞ የሚደርሰው ለኔ ነበር።»

ሐጂ ጭንቅላቱን ገለበጡት። ሁለተኛው ጉንጭ አልተነካም። ፈልቅቀው አወጡት፤ ዳሰሱት፤ ማንም ወዳልተቀመጠበት የትሪው ወገን ገፉት። ቀና ብለውም አላዩዋትም። ማዳም ዳላል መድኃኒቱን ሶፋው ላይ አስቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ በእሑድ ቀሚሷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ወሰደችው።

ስትሄድ በሩ ላይ ጠራችኝ። «ኸላስ፣ ከሱ ጋር ብዪ» አለች። «ግን ለሰው አታውሪ።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «የሚወራ ከሆነ፣ እኔ ያዘዝኩሽ ነው በዪ» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ የበሉት ቾፍ ስለሆነ ነው ወይስ እኔ ስለተቀመጥኩ? በዚያው ሳምንት ከፍሪዘሩ ያንን ነጭ፣ ጣዕም የለሽ ፊሌ አውጥቼ ጠበስኩ። ሩዙን በንጹሕ ውኃ አበሰልኩ። በትሪ አድርጌ ምንጣፉ ላይ አቀረብኩና ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ሐጂ ለኔ ገፉልኝ፤ በላሁ፤ እሳቸውም በሉ። «ይህ ዓሣ አይደለም፤ የተቀቀለ ሳሙና ነው» እያሉ፣ የሚያረባውን ኩሬ፣ የሚፈጨውን ፋብሪካ፣ የሸጠውን ሱፐርማርኬት በተራ እየተሳደቡ ትሪውን አጋመሱ። ያን ሁሉ ጉንጭ ያየሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው፤ ወይም ከሞላ ጎደል በከንቱ።

በቀጠሮው ቀን የሚዛኑ መርፌ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቆመ። ማዳም ዳላል ከክሊኒኩ ደረጃ ላይ ሆና ወደ ተራራው ደወለችና ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት አለች። ሐጂ አልሰሟትም፤ ክንዴን ይዘው ደረጃውን እየወረዱ ሌላ ነገር ያስቡ ነበር።

«ያ የሐይቃችሁ ዓሣ» አሉ። «ቆሮሶ። ጉንጩ ምን ምን ይላል?»

መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ። ስንት ቆሮሶ በእጄ አልፏል፤ ጭንቅላቱን ሁሉ ለወፍ ጥያለሁ።

«አላውቅም፣ ሐጂ» አልኳቸው። «ቀምሼው አላውቅም።»

ቆም ብለው በትዝብት አዩኝ። «ለእናትሽ ደውዪ» አሉ። «ትቅመስና ትንገረን።»